ሮኬቱ ሳይነሳ ሙሽራው አይመጣም

ሱሉርፔታ፣ ፌብሩዋሪ 6

ለተከበርሽው እትዬ ቪሳላ፣ የአያቴ ወንድም የልጅ ልጅ፣ የሲንጋፖር ባለ ቢሮ፤

የቤተ መቅደሷ በር ቀንም ሌትም የማይዘጋው እናታችን ቼንጋላማ አንቺንም ያለ ቁልፍ ትጠብቅሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ እንደ ድሮው ያጉረመርማል። እኔም ደህና ነኝ፤ ይህን ስትሰሚ በጣም እንዳታዝኚ።

ትልቁ ወሬ ሱጉና ልታገባ ነው። እኛ ቤት ሆነሽ ስትማሪ ጠዋት ጠዋት ፀጉርሽን እየጎነጎነች፣ የምሳ ዕቃሽን እየቋጠረች የምትሸኝሽ እህቴ፣ እሷው። ዕድሜዋን አልጽፍልሽም፤ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት፣ መንገድ ላይ ከፍታ ማንበቧም አይቀርም። ያ የፊተኛው እጮኝነት ከፈረሰ በኋላ እማዬ ተስፋ ቆርጣ ነበር። አሁን ግን ማስታናያ የሚባል ሰው ተገኘ። ሮኬት የሚተኮስበት ደሴት ላይ ነው የሚሠራው፤ ሮኬቱን የሚያቅፈውን ትልቅ ግንብ በሐዲድ ወደ ኋላ ከሚጎትቱት አንዱ ነው። ሰውየው ሲያወራም እንደ ግንቡ ነው፤ ቀስ ይላል፣ አይታጠፍም፣ መድረሱ ግን አይቀርም። ሱጉና ወዳዋለች። ወደድኩት አላለችም፤ ስሙን ስጠራ ሩዝ መልቀሟን ታቆማለች፣ በቃ።

ችግሩ አንድ ነው። ሮኬት ቆሞ ሳለ ለማስታናያ ፈቃድ የለም። ድሮ መንግሥት የራሱን ሳተላይት ብቻ ነበር የሚያመጥቀው። አሁን ኩባንያ አቋቁሞ የተረፈውን ቦታ ለውጭ አገር ሰው ይሸጣል፤ ልክ እንደ ኔሎር አውቶቡስ፣ ጣሪያው ላይም ይጭናል። ከፋዩ ተሳፋሪ እስኪመጣ ደግሞ አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም። እኔ አልፈርድባቸውም፣ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። እነሱ ሰማይ ያከራያሉ፣ እኔ ድንኳንና ወንበር አከራያለሁ። የውጭ እንግዶቻቸው የሚቀመጡት በእኔ ቀያይ ወንበሮች ላይ ነው። እግሩ የሚወዛወዘውን መርጬ ነው የምልክላቸው፤ ሮኬቱ ሲነሳ መሬት የተንቀጠቀጠ መስሏቸው በደስታ ያጨበጭባሉ።

ሮኬቱ በማርች አጋማሽ ይነሳል፣ ሠርጉ በማርች መጨረሻ ነው። የማስታናያ እናት እማማ አዲላክሽማ ናቸው። ታውቂያቸዋለሽ፣ ግማሹን ሱሉርፔታ ያዋለዱት፣ እኔንም ጨምሮ። ባለፈው ሮኬት ጊዜ ትልልቆቹ ኃላፊዎች እንደ ልማዳቸው የሮኬቱን ትንሽ አምሳያ በትሪ ይዘው ለማስባረክ ወደ ቼንጋላማ መጡ። እማማ አዲላክሽማ አጠገቤ ቆመው ነበር።

«ምን እየጠየቋት ነው?» አሉኝ።

«ሮኬቱ በየትኛው ደቂቃ እንዲነሳ ነዋ። እሷ ካልነገረቻቸው ቁልፍ አይነኩም» አልኳቸው።

«ያ ሁሉ ኮምፒውተርስ?»

«እሱ ለፈረንጆቹ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለገበያው ሁሉ ያወራሉ። ዓሣ ሻጮቹ ሳይቀሩ እኔኑ መልሰው ነገሩኝ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ጨለማ ውስጥ የሚበራ የእጅ ሰዓት ላኪልኝ። ሠርጉ ላይ ከበሮ መቺዎቹ አጠገብ አልቀመጥም፤ የጎረቤታችን የራማናማ ሠርግ ላይ የጋብቻው ክር፣ ታሊው፣ አንገቷ ላይ ሲታሰር ሆን ብዬ ስላነጠስኩ እስከ ዛሬ ከጨለማው ጥግ ነው የሚያስቀምጡኝ። ከበሮው በዚያች ሰዓት የሚጮኸው ማነጠስም ክፉ ቃልም እንዳይሰማ አይደል? እኔ የሞከርኩት ይሠራ እንደሆነ ለማየት ነው። ይሠራል። እማዬ ግን ከከበሮው በላይ ሰማችኝ።

ወንድምሽ ፔንቸል

ሲንጋፖር፣ ፌብሩዋሪ 25

የተወደድክ ወንድሜ ፔንቸል፤

የእግዜር ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ለእናትህና ለሱጉና ከእግራቸው ጎንበስ ብዬ አክብሮቴን አቅርቤያለሁ በልልኝ። እኔ በጤናዬ ነኝ። እዚህ ዝናቡም ፀሐዩም በአንድ ቀን ይፈራረቃሉ፤ የሚጎድለን የፑሊካት ሐይቅ ዓሣና የእናንተ ጫጫታ ነው።

የሱጉናን ወሬ ሳነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ሠራተኛ ቀና ብላ አየችኝ። ፀጉሬን ስትጎነጉነኝ እንዴት አድርጋ ትጎትተኝ እንደነበር አልረሳሁም። ሂሳብ የማጠና እንደሆነ ግን ቀስ ትል ነበር። ደስታዋን እግዜር ይፈጽምላት። ሰዓቱን ልኬልሃለሁ፤ ባለ ቀይ መብራት ነው። እማማ አዲላክሽማን ግን ተው፣ ፔንቸል። ለአንተ ጨዋታ የሆነውን እሳቸው በልባቸው ያኖሩታል።

የኔ ሥራ ያው ወረቀት ነው፤ ውል፣ ጭነት፣ ፈቃድ። ይልቅ ልጠይቅህ፣ ያ ሮኬት ስንት የውጭ ተሳፋሪ እንዳለው ሰምተሃል? ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩህ።

እህትህ ቪሳላ

ሱሉርፔታ፣ ማርች 22

ለእትዬ ቪሳላ፣ የሰዓት እመቤት፤

ቼንጋላማ በሄድሽበት ትቅደምሽ። ሰዓቱ ደርሷል፣ መብራቱ እጅግ ቆንጆ ነው። ሰዓት ለማየት አልፈልገውም፤ ሕፃናትን በጨለማ ለማስደንገጥ ግን ወደር የለውም።

እንግዲህ ሠርጉ ተላለፈ። የተሳፋሪዎቹን ቁጥር ጠይቀሽኝ ነበር፤ ሦስት ናቸው አሉ፣ አንደኛው የመንግሥት፣ ሁለቱ የውጭ። ከሁለቱ የአንዱ ፈረንጅ የሳተላይት ሳጥን ታሞ አልመጣም። ኩባንያው ደንበኛ ንጉሥ ነው ብሎ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሮኬቱ ቆሟል፣ ግንቡ ቆሟል፣ ማስታናያ ቆሟል፣ ሱጉናም ሳሪዋን አጣጥፋ ቆማለች። የታተመው የሠርግ ካርድ ሁሉ የኦቾሎኒ መጠቅለያ ሆነ። ሠርጉን ወደ ሜይ መጀመሪያ አዛውረን ሁለተኛ ካርድ ስናሳትም እኔ አታሚውን አባብዬ ከታች በትንሽ ፊደል «አየሩና ኩባንያው ከፈቀዱ» አስጻፍኩ። ሱጉና በመጥረጊያ እስከ ባቡር ጣቢያው አባረረችኝ። አንድ ቀን ሙሉ አላስገባችኝም።

እማማ አዲላክሽማ ግን አልሳቁም። ትናንት መጥተው ደጃችን ላይ ተቀመጡና ለእማዬ እንዲህ አሏት፦

«አንድ ጊዜ ሲተላለፍ ሥራ ነው። ሁለት ጊዜ ሲተላለፍ ዕድል ነው። ሦስተኛ አልጠብቅም።»

«እኛ ምን እናድርግ፣ ሮኬቱ እኮ የኛ አይደለም» አለች እማዬ።

«ጉዱር ላይ የሩዝ ወፍጮ ያለው ሰው ልጁን ልስጥ እያለኝ ነው። ሰውየው ሮኬት አይጠብቅም።»

ማስታናያ ጉዱር አልሄድም ብሏል ይባላል። ግን እናቱን ገፍቶ የሚያገባ ሰው አይደለም፤ አልኩሽ፣ በሐዲዱ ነው የሚሄደው። ከጁን መጨረሻ በኋላ ደግሞ የአሻዳ ወር ይገባል። በአሻዳ ሠርግ የለም። እንግዲህ ከዚያ በፊት ካልሆነ ሱጉና ታሊ ማሰሯ ቀረ፣ ወፍጮው ፈጨን።

ስለዚህ አዲስ ልመና አለኝ፣ የሰዓት አይደለም። ሲንጋፖር ከዓለም የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያልፍባት አገር ናት። ያ ሳጥኑ የታመመበት ፈረንጅ በዚያ ካለፈ ሻዩ ውስጥ እንሽላሊት ጨምሪልኝ። ትልቅ ይሁን።

ፔንቸል፣ የድንኳንና የወንበር ኃላፊ

ሲንጋፖር፣ ኤፕሪል 29

የተወደድክ ወንድሜ ፔንቸል፤

ሰላምታዬ ለሁላችሁም። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሮኬቱ እንደገና መዘግየቱን ሰምታችሁ ይሆናል፤ የሜዩም ሠርግ ቀርቷል ማለት ነው። እንሽላሊቱን ሻዬ ውስጥ መጨመር ትችላለህ። ፈረንጁ እኔ ነኝ።

ሳጥኗ የኛ ናት። አሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ መርከቦች ባሕር ላይ የት እንዳሉ የምታይ ትንሽ ሳተላይት ሠርተን ከናንተው ኩባንያ ቦታ ገዛን። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውስጧ ያለች ኃይል የምታከፋፍል አንዲት ክፍል ስትሞቅ ትዘጋለች፤ ስትቀዘቅዝ ደህና ናት። ሁለት ጊዜ ቀየርናት። ኩባንያው መቼም ትዕግሥተኛ ነው፤ ባለፈው ስብሰባ ግን «ከፈለጋችሁ በቦታችሁ እኩል የሚመዝን ብረት ጭነን እንሂድ፤ እናንተ በሚቀጥለው ትነሳላችሁ» አሉን። አለቃዬ ሁላችንንም ዞር ብሎ አየን። ሱጉናን አሰብኳት፣ ፔንቸል። አሰብኳትና ዝም አልኩ። ከዚህ ከቀረን ኩባንያችን ይዘጋል፣ አሥራ አንዳችንም እንበተናለን። ጠብቁን አልን። ጁን አጋማሽ ላይ እንደርሳለን ብለን ፈርመናል።

ለሱጉና አንተው ንገራት። ወይም አትንገራት። እኔ አላውቅም። ሳሪ ልኬላታለሁ፣ ቢጫ ነው።

ቪሳላ

ሱሉርፔታ፣ ሜይ 14

ለእትዬ ቪሳላ፣ ለፈረንጇ፤

እናታችን ቼንጋላማ አንቺንም ሳጥንሽንም ትማር። እንሽላሊቱን ይዤው ነበር፤ ፖስታ ቤቱ አልቀበልም አለኝ።

ለሱጉና ነገርኳት። ሩዝ ስትለቅም ነበር። መጀመሪያ ሳቀች፤ ካርዱ የኦቾሎኒ መጠቅለያ ከሆነ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ሌላ ድፍን ትሪ ሩዝ ለቀመችና «ያኔም ሂሳብ ስታጠና ምሳዋን ትረሳ ነበር፤ አሁንም እየረሳች ይሆናል። ብዪ በላት» አለችኝ። ይኸው፣ ብዪ። ሳሪውን ለብሳ ሞክራዋለች። እኔ ሙዝ ትመስያለሽ አልኳት፣ እሷ ግን አላወለቀችውም።

አሁን ግን እትዬ፣ ያለ ቀልድ የምጽፍልሽ ነገር አለ። ያለ ቀልድ ስጽፍ እጄ እንግዳ ስለሚሆንብኝ ፊደሉ ቢጣመም ይቅር በይኝ።

ጋዜጣው ሮኬቱ ጁን 18 ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ አወጣ። የቤተ መቅደሱ ቄስ መጽሐፋቸውን ገልጠው «ያ ቀን ጥሩ ነው፣ እስከ ቀትር ድረስ በፈለጋችሁት ሰዓት እሰሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ አሻዳ ሌላ ቀን የለም» አሉ። እኛም ጨፈርን። ማስታናያ ሮኬቱ እንደተነሳ ይለቀቃል፣ በሞተር ብስክሌት ድልድዩን አቋርጦ ይደርሳል፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይታሰራል፣ አለቀ።

እማማ አዲላክሽማ መጡ። ጋዜጣውን ልጃቸው አንብቦላቸዋል።

«አራት ሰዓት ላይ ነው የሚታሰረው» አሉ።

«እማማ፣ ማስታናያ በዚያ ሰዓት ደሴቱ ላይ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ያመጡት።»

«ማን ያምጣው? በሩ ይቆለፋል እኮ።»

«አንተ ነህ የነገርከኝ። ደቂቃውን እናታችን ናት የምትሰጣቸው አልከኝ። በዓይኔም አይቻለሁ፤ በትሪ ይዘው መጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጠየቋት። ሁለት ጊዜ የተላለፈ ሠርግ በቄስ ግምት አላስርም። ለእነሱ ብረት የተመረጠ ደቂቃ ለልጄ ያንሰዋል?»

«እማማ፣ ቀልዴን ነበር።»

«አሁን ነው የምትቀልደው» አሉና ሄዱ።

ይኸውልሽ። ወደ ቄሱ ሮጥኩ፤ ቄሱ ሞከሩ፣ አልሰሟቸውም። ማስታናያን ላክን፤ እሱም ቀስ ብሎ ሄዶ ቀስ ብሎ ተመለሰ። እማዬ አታናግረኝም። ሱጉና ደግሞ ታናግረኛለች፣ እሱ ይብሳል። በአራት ሰዓት ሙሽራ የለም፤ ከአራት ሰዓት ውጭ አማት የለችም። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ውል የምትጽፊ ሰው ነሽ። ከእኔ አፍ ለወጣው ነገር መላ ፈልጊለት። ሰዓትም ሌላም አልፈልግም።

ፔንቸል

ሲንጋፖር፣ ሜይ 27

ወንድሜ ፔንቸል፤

ቶሎ እንዲደርስ በአስቸኳይ ፖስታ ልኬዋለሁ። ሳተላይቷ ትናንት በአውሮፕላን ወጥታለች፤ አሁን ያለችው እናንተ ዘንድ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ለእማማ አዲላክሽማ አንብብላቸው። አንተ ራስህ አትጨምርበት፣ አንድ ቃል እንኳ።

«የተከበሩ እማማ አዲላክሽማ፤ እግርዎን ነክቼ ሰላም እላለሁ። እኔ የሮኬቱ ተሳፋሪ ከሆነችው ሳተላይት ባለቤቶች አንዷ ነኝ፣ የሱጉናም ዘመድ ነኝ። ስለ ደቂቃው ሰምቼ ነው የምጽፍልዎት። ሮኬቱ አራት ሰዓት ላይ እሳት ይተፋል። እኛ ግን ያንን ተወለደች ብለን አንቆጥረውም። ያ ምጥ ነው። ከዚያ ከሮኬቱ ትላቀቃለች፤ ያም ገና ነው፣ እትብቷ ተቆረጠ ማለት ነው። ምድርን አንድ ጊዜ ዞራ በእኛ ሰማይ ስታልፍ ድምፅ ታሰማለች፤ ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ተወለደች የምንለው፣ በደብተራችንም የምንጽፈው። ይህ አምስት ሰዓት ተኩል ግድም ይሆናል። እርስዎ ብዙ ልጅ አዋልደዋል። ለኮከብ ቆጣሪው የሚነግሩት ምጥ የጀመረበትን ሰዓት ነው ወይስ ሕፃኑ ያለቀሰበትን? የሚበጅዎትን እርስዎ ይወስኑ።»

ፔንቸል፣ ይህ ማታለል አይደለም፤ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። በአዳራሹ አጠገብ ያለውን የስልክ ቤት ቁጥር ላክልኝ። እንደሰማናት እደውልልሃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ላንተ ብቻ። ያቺ ክፍል እዚህ ስትሞከር ሠርታለች። ሰማይ ላይ ማንም ሞክሯት አያውቅም። በስልክ የምነግርህን፣ ምንም ይሁን ምን፣ እንዳለ ትናገራለህ። በዚህ አትቀልድብኝ።

ቪሳላ

ሱሉርፔታ፣ ጁን 5

ለእትዬ ቪሳላ፣ ለሰማይ አዋላጇ፤

ቼንጋላማ እጅሽን ትባርክ። አነበብኩላቸው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ ሆዴ ሊፈነዳ ነበር።

እማማ አዲላክሽማ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ከጉንጫቸው የማይጠፋውን ቅጠል አኘኩ።

«ይህችን የጻፈችውን ማን አዋለዳት?» አሉ።

«ኔሎር ሆስፒታል ነው የተወለደችው» አልኳቸው።

«እሱ ነው የሚገርመኝ። ልክ ናት። ምጥ ሰዓት አይሆንም። የማስታናያ ምጥ ሁለት ቀን ነበር፤ የቱን ሰዓት ለኮከብ ቆጣሪው ልስጥ? ስታለቅስ ይታሰር።»

እማዬ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ሱጉና ሩዙን ለቀመች፣ ከነጠጠሩ። ኩባንያው ለእንግዶቹ ሁለት መቶ ወንበር ጠይቆኛል፣ ሠርጉም ሁለት መቶ። ጠቅላላ ያለኝ ሦስት መቶ ነው። የሚቆሙት እነማን እንደሆኑ ገና አልወሰንኩም። የስልኩ ቁጥር ከጀርባው ተጽፏል።

ፔንቸል

ሱሉርፔታ፣ ጁን 21

ለእትዬ ቪሳላ፤

ሰላምታውን ሳልጨርስ ቀኑን ልንገርሽ፤ በስልክ የሰማሽው ጩኸት ብቻ ነውና።

አራት ሰዓት ላይ ጣሪያ ላይ ነበርን። ከዛፎቹ በላይ ነጭ ጭራ ወጣ፤ ድምፁ ቆየት ብሎ መጥቶ መስኮቶቹን ነቀነቀ። ሱጉና ቢጫውን ሳሪሽን ለብሳ ታች ተቀምጣ ነበር፣ ሙሽራ ጣሪያ አትወጣም ብለው ከልክለዋት። «ተነሳ?» ብላ ጮኸች። «አይ፣ ወደ ታች እየሄደ ነው» አልኳት። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ጫማ ይወረወርብኝ ነበር።

ማስታናያ አምስት ሰዓት ሲሆን ደረሰ። ከተነሳበት እስኪደርስ ድረስ ፍጥነቱን አልቀየረም ይላሉ፤ ፀጉሩ አቧራ፣ አንገቱ ላይ የሥራ መታወቂያው እንደተንጠለጠለ። የአበባ ጉንጉኑን ከመታወቂያው በላይ አጠለቁለት። ሙሽሮቹ አንዱ በሌላው ራስ ላይ የሚያኖሩት ከሙንና ጥቁር ስኳር ተዘጋጀ፣ ታሊው በኮኮናት ላይ ተቀምጦ ለሽማግሌዎች ዞረ፤ ሁሉም እየነኩ ባረኩት። ከበሮ መቺዎቹ እንጨታቸውን አንስተው እኔን ያያሉ። እኔ የስልክ ቤቱ በር ላይ ነኝ።

አምስት ተኩል ሆነ። ምንም የለም። ሩብ አለፈ። ቄሱ ፀሐይዋን ማየት ጀመሩ። የወፍጮው ባለቤት ከጉዱር ተጋብዞ መጥቶ ነበር፣ አስቢው፤ በእኔ ደህና ወንበር ላይ ተቀምጦ።

ከዚያ ደወልሽ። ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ፔንቸል፣ አለፈች። ምንም አልሰማንም። ዝም ብላለች። የሚቀጥለው ዙር ሰባት ሰዓት ላይ ነው።» ድምፅሽ ደረቅ ነበር። «አንቺ ደህና ነሽ?» አልኩሽ። «የነገርኩህን ተናገር» አልሽኝ፤ ዘጋሽው።

ከስልክ ቤቱ እስከ አዳራሹ ያለውን መንገድ በልጅነቴ በአንድ እግር ዘልዬ እጨርሰው ነበር። ያን ቀን ረዘመብኝ። አለቀሰች ማለት ቀላል ነበር። በዕድሜዬ ሙሉ ከዚህ የባሰ ውሸት ለትርፍ እንኳ ሳይሆን ለሳቅ ተናግሬያለሁ። ማን ያውቅብኛል? ሱጉና ቀና ብላ አየችኝ። ማስታናያም አየኝ። አዳራሹ ሙሉ አየኝ።

«አላለቀሰችም» አልኩ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ። «ያው ፔንቸል ነው!» አሉ። ቄሱ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ።

«እውነቴን ነው፣ ዝም ብላለች። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ አናውቅም አሉ» አልኩ።

ይብስ ሳቁ። የራማናማ ባል «ዛሬ ደግሞ ሳታነጥስ መጣህ» አለኝ። እማማ አዲላክሽማ ብቻ አልሳቁም። ፊቴን አዩኝ፣ ደህና አድርገው። ሦስተኛ ጊዜ «እማማ፣ ስሙኝ…» ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን ወደ ከበሮ መቺዎቹ አነሱ።

«ምቱ!» አሉ።

መቱ። መለከቱም ተነፋ። ምን እንዳልኩ እኔም አልሰማሁትም። ማስታናያ ታሊውን አሰረ፣ ሦስቱንም ቋጠሮ፣ ቀስ ብሎ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሰው በሙዝ ቅጠል ላይ በጎምዛዛ ሁመር የተሠራ የዓሣ ወጥ እየበላ ሳለ የስልክ ቤቱ ሰው እየሮጠ መጣና ጠራኝ። አንቺ ነሽ፤ አንድም ቃል ሳትናገሪ ስታለቅሺ ሰማሁሽ። ሳተላይቷም እንዳለቀሰች በዚያ አወቅኩ። ተመልሼ «አሁን አለቀሰች» ብዬ ጮህኩ። እፍኝ ሩዝ ወረወሩብኝ። «ቀልዱን ያዝልቅልህ» አሉኝ።

ባንቺ ምክንያት እውነት ተናገርኩ፤ ሰሚ አላገኘሁም። ሁለተኛ እንዳታስለምጂኝ።

ፔንቸል

ሲንጋፖር፣ ጁላይ 4

የተወደድክ ወንድሜ፤

ለአዲሶቹ ባልና ሚስት መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ሳተላይቷ ደህና ናት፤ በየዙሩ ትጮኻለች፣ ከአንተ ብሳለች። ያቺ ክፍል ሞቃ ተዘግታ፣ በምድር ጥላ በኩል ስታልፍ ቀዝቅዛ ተከፈተች። አለቃዬ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛዋን ከዚያው ኩባንያ ጋር ልንልክ ነው ይላል። እባክህ ቤተሰቡ ውስጥ ሌላ የሚያገባ ካለ አስቀድመህ ንገረኝ።

ለመሆኑ እማማ አዲላክሽማ ለምን አላቆሙትም? እሱን አስባለሁ። ለእሳቸው ብለን አልነበረም ወይ ያ ሁሉ?

እህትህ ቪሳላ

ሱሉርፔታ፣ ጁላይ 19

ለእትዬ ቪሳላ፣ ለጩኸታሟ ባለቤት፤

ቼንጋላማ ትጠብቅሽ። አሻዳ ገብቷል፣ ሱጉናም እንደ ወጉ ወደ እኛ ተመልሳለች፤ በዚህ ወር አማትና ምራት አንድ ደፍ አይረግጡም። እማማ አዲላክሽማ ግን በየቀኑ ማታ ማታ ይመጡና ከደጃፉ ውጭ ከእኔ ወንበሮች በአንዱ ላይ ይቀመጣሉ። ሱጉና ከውስጥ ትቀመጣለች። መሐላቸው ደፉ አለ። በዚያ ላይ ነው የሚያወሩት። ማስታናያ ደግሞ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገብቶት ደፉ ላይ ይቆማል።

ጥያቄሽን ትናንት ጠየቅኳቸው። ሱጉና ለሻይ ስትገባ ጠብቄ።

«እማማ፣ ያን ቀን የእውነቴን ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ምቱ አሉ?»

ቅጠላቸውን ወደ ሌላው ጉንጫቸው አዛወሩ።

«አንተ ስትወለድ አላለቀስክም» አሉኝ። «ሰማያዊ ሆነህ ወጣህ፣ ዝም ብለህ። እናትህ ‹ምን ሆነ? ለምን አላለቀሰም?› አለችኝ። ‹እያሾፈብን ነው› አልኳት። ከዚያ ገለበጥኩህና መታሁህ። ዝም ሲል ለእናት አይነገርም፤ ይመታና ይጠበቃል።»

«ቆየሁ?»

«በጣም ቆየህ። ከዚያ ወዲህ ግን ዝም ብለህ አታውቅም።»

ሱጉና ሻዩን ይዛ መጣች። በደፉ ላይ አሳልፋ ሰጠቻቸው፣ እጃቸው እንዳይነካካ ተጠንቅቃ።

ወንድምሽ ፔንቸል